«እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ ሁለቴ እየጠየቅኳቸው አሁንም ያጠፋሉ

ጀማሪ_ኮደር · ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽም ብስጭቴን ልተንፍስ ብዬ።

የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ሠርቻለሁ። 14 ሰው በየቀኑ ይጠቀምበታል። ዋናው ገጽ የትዕዛዞች ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ እርሳስና ቆሻሻ መጣያ። እርሳሱ ለማስተካከል፣ መጣያው ለማጥፋት።

በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ «ትዕዛዙ ጠፋብን» ተብሎ ይደወልልኛል። ሎጉን (ማን ምን እንደነካ የሚመዘገብበትን) ሳየው ሌላ ማንም አልነካውም፤ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) እየፈለግኩ እመልስላቸዋለሁ።

መጀመሪያ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን አደረግኩ። ምንም አልቀነሰም። ከዚያ ሁለተኛ ጨመርኩ፤ በቀይ፣ «ይህ ድርጊት አይመለስም!» የሚል። እሱንም እሺ ብለው ያልፉታል። አሁን በሦስተኛው የይለፍ ቃል ልጠይቃቸው ወይ እያልኩ ነው። አለቃዬ ስልጠና ስጣቸው ይለኛል። ስልጠናማ ሰጥቻለሁ። 20 ገጽ መመሪያም ጽፌያለሁ።

እውነት ግን ሰው ለምንድን ነው የማያነበው?

ዳታቤዝ_አባ · ሰኞ፣ 3፡25

የማጥፋት መብቱን ንሳቸው። አለቀ።

ፈጣን_ጣት · ሰኞ፣ 3፡31

እሱማ ቀላል ነው ጋሼ። ከዚያ በኋላ ግን «ይቺን አጥፋልን» እያሉ ቀኑን ሙሉ የሚደውሉት ለልጁ ነው።

አሮጌ_ኪቦርድ · ሰኞ፣ 4፡40

ወንድሜ፣ ተጠቃሚዎችህን አትቀየማቸው። አንተም አታነብም እኮ። ኮምፒውተርህ ላይ ፋይል ስታጠፋ የሚወጣውን ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ ቃል በቃል ያነበብከው መቼ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አንድን ነገር መቶ ጊዜ ሲያደርግ፣ እጁ እንጂ አእምሮው አይሠራውም። መጣያውን መንካትና «እሺ» ማለት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሥራ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ እንቅስቃሴ ይሆናሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። አንተ ሦስተኛ ስትጨምር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይሆናል። ያሳሰበህ ስህተት በመቶ አንዴ የሚደርስ ነው። ሳጥንህ ግን መቶውንም ጊዜ ይጠይቃል። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» ነው። ስለዚህ ሳያነቡ እሺ ማለትን ራስህ ነህ ያስተማርካቸው።

ቀልድ የማይመስለውን ልንገርህ። ቴራክ-25 የሚባል የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ታካሚዎች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ተቀብለውበታል፤ የሞቱም አሉ። ዋናው ጥፋት ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ የነበረው የሃርድዌር መከላከያም ተነስቶ ነበር። ግን ስክሪኑን ተመልከተው። ማሽኑ ሲደናገር «ማልፋንክሽን 54» (ብልሽት 54) ብሎ ይቆማል። 54 ምን ማለት ነው? ኦፕሬተሯ እጅ ላይ ያለው መመሪያ አይነግራትም። ማሽኑ በቀን ብዙ ጊዜ በማይረባ ነገር ይቆማል። ለመቀጠል «ፒ» (P) የምትባለውን ፊደል መንካት ይበቃል። ፒን ትነካለች፣ ይቀጥላል። እንደ ሁልጊዜው ፒን ነካች። አንዱ ታካሚ ሁለተኛ ዶዝ የተቀበለው እንዲህ ነው።

ኦፕሬተሯ ሰነፍ አይደለችም። ማሽኑ በከንቱ እየጮኸ ጩኸቱን አርክሶባታል።

ጀማሪ_ኮደር · ሰኞ፣ 5፡02

ጋሽ ኪቦርድ፣ አስደነገጡኝ። የእኔው ግን መጋዘን ነው፤ ሰው አይሞትም። 😅

ታዲያ ሳጥኑን ላንሳው ማለትዎ ነው? ያለ ምንም ጥያቄ ይጥፋ?

ሞካሪዋ · ሰኞ፣ 5፡30

ከዚያ በፊት እኔ ልጠይቅህ። እርሳሱና መጣያው ስፋታቸው ስንት ነው? በመካከላቸውስ ስንት ፒክስል አለ? ሰዎቹ የሚጠቀሙት በማውስ ነው በጣት?

ጀማሪ_ኮደር · ሰኞ፣ 5፡34

16 በ16። መካከላቸው 4 ፒክስል። ግማሾቹ ታብሌት ላይ ናቸው፣ በጣት።

ሞካሪዋ · ሰኞ፣ 5፡51

ኧረ በፈጠረህ።

ፖል ፊትስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1954 ለክቶ ያሳየው ነገር አለ። እጅ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚወስድበት ጊዜ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ዒላማው በራቀ ቁጥር ይረዝማል፣ በሰፋ ቁጥር ያጥራል። ትንሽ ዒላማን በችኮላ መንካት ስህተትን ያበዛል። አፕል ለጣት ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ ይላል፤ አንድሮይድ 48። በ2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ እንኳን ዝቅተኛውን 24 በ24 አድርጎታል። አንተ 16 ላይ ነህ። በዚያ ላይ በየደቂቃው የሚነካውን እርሳስ በሳምንት አንዴ ከሚነካው መጣያ ጋር አጣብቀህ አስቀምጠሃቸዋል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያሳረፉ አብራሪዎች፣ መሬት ከነኩ በኋላ የክንፍ መታጠፊያውን ማንሻ የነኩ መስሏቸው የጎማውን ያነሱ ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ኮክፒቱን ሲያየው ሁለቱ ማንሻዎች ተመሳሳይ ናቸው፣ ጎን ለጎን ናቸው። መፍትሔው? በአንዱ ጫፍ ላይ የአውሮፕላን ጎማ የሚመስል ላስቲክ፣ በሌላው ላይ ክንፍ የሚመስል ቁራጭ። እጅ ሳያይ እንዲለየው። ለአብራሪዎቹ ተጨማሪ ስልጠና አላዘዘላቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ መጣያውን ከዚያ አንሳው። ትዕዛዙ ሲከፈት ውስጥ ግባ በለው። ሁለተኛ፣ ይሄን ሁሉ ከመገመታችን በፊት ሄደህ እያቸው። ሦስት ሰው ይበቃሃል ለጊዜው። «ይሄን ትዕዛዝ አስገቡ፣ ያንን አስተካክሉ፣ ያኛውን አጥፉ» በላቸውና አፍህን ዝጋ። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ጠይቃቸው። ሲደናገሩ አትርዳቸው። እጅህ ወደ ማውሱ እንዳይሄድ ላዩ ላይ ተቀመጥበት። እውነቴን ነው። ዲቨሎፐር ዝም ብሎ ሲያይ ማየት ራሱ ትርዒት ነው።

ፈጣን_ጣት · ሰኞ፣ 6፡15

ይሄን ስሰማ ያ የሃዋይ ጉድ ትዝ አለኝ። በ2018 አንዱ ሠራተኛ ከሜኑው ላይ ተሳስቶ ሲነካ ለመላው ሕዝብ «ሚሳይል እየመጣ ነው» ተብሎ ተላከ። ሁለቱ ምርጫዎች ከላይና ከታች ነበሩ አሉ።

አሮጌ_ኪቦርድ · ሰኞ፣ 7፡05

መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተወራው። ሲጣራ ግን ሌላ ነው የወጣው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ ሠራተኛው የነካው በስህተት አይደለም። ልምምድ መሆኑን ሳይረዳ ቀርቶ የእውነት መስሎት ነው የላከው። ኔት ላይ የተዘዋወረው የሜኑ ፎቶም ትክክለኛው ስክሪን አልነበረም።

ልብ በሉልኝ፤ ሲስተሙ «ይህን ማስጠንቀቂያ ለመላክ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠይቆታል። እሱም አዎ አለ። እርግጠኛ ነበራ! ያ ሳጥን እጁ የሳተውን ይይዝ ይሆናል። ሐሳቡ የሳተውን ግን በምን ይይዘዋል? የተሳሳተ ሰውም እኮ በራሱ እርግጠኛ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማስጠንቀቂያው የተላከው ጠዋት 2፡07 ላይ ነው። «ውሸት ነው» የሚለው መልእክት እስኪላክ 38 ደቂቃ ፈጀ። ለመላክ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበራቸው፤ ለማስተባበል ግን ምንም አልተዘጋጀም። መሄጃ ሠርተው መመለሻ አልሠሩም።

ጀማሪ፣ ላንተም መልሴ ይሄው ነው። ሳጥኑን አንሳ፣ በቦታው መመለሻ ሥራ። መጣያው ሲነካ መስመሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ከታች «ትዕዛዝ ቁጥር 318 ተሰርዟል። መልሰው» የሚል ይውጣ። መቶውን ጊዜ ማንንም አይጠይቅም። በመቶ አንዴ ሲሳሳቱ መውጫው እዚያው አለ። ጂሜይል ኢሜይል ስትልክ የሚያደርገውም ይሄን ነው። «ላክሁ» ይልሃል እንጂ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ይቆያል። እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ማራዘም ትችላለህ። ሰው ስህተቱን የሚያየው «እርግጠኛ ነህ?» ሲባል አይደለም። ከነካ በኋላ ነው፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ፣ «ውይ!» ብሎ።

ዳታቤዝ_አባ · ሰኞ፣ 8፡40

የዲዛይን ሰዎች ስትባሉ «መመለሻ ሥራ» ማለት ቀላል ነው። ሠሪውን ጠይቁት።

ከዳታቤዝ ሳታጠፋ «ተሰርዟል» ብለህ ምልክት ብቻ ማድረግ ማለት፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፈው እያንዳንዱ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) «ያልተሰረዙትን ብቻ» የሚል ማጣሪያ ይፈልጋል። አንዱ ላይ ትረሳለህ። ይሄ ጥርጥር የለውም። የትዕዛዝ ቁጥሩ እንዳይደገም የከለከልከው ከሆነ ደግሞ፣ የተሰረዘው ቁጥሩን ይዞ ተኝቷል፤ ያንኑ ቁጥር እንደገና ሲያስገቡ ሲስተሙ እምቢ ይላል። ተሰርዞ በነበረበት ሰዓት ሌላ ሰው ዕቃውን ለሌላ ትዕዛዝ ከመደበውስ? «መልሰው» ሲል ምኑን ትመልሳለህ?

አሮጌ_ኪቦርድ · ሰኞ፣ 9፡12

አባ እውነቱን ነው፤ ነጻ ነገር የለም። ቁጥሩን በተመለከተ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ከሆነ ያልተሰረዙትን ብቻ የሚያይ ልዩ ኢንዴክስ (ቁጥር እንዳይደገም የሚጠብቅ ማውጫ) መሥራት ይቻላል። ማጣሪያውን እንዳይረሳ አንድ ቪው (ያልተሰረዙትን ብቻ የሚያሳይ ዝግጁ ኩዌሪ) ሠርቶ ሁሉም ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ዕቃው ለሌላ ከተመደበ ግን «መልሰነዋል፤ 12 ካርቶን ግን ጎድሏል» ብሎ እውነቱን መናገር ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለኝም።

ሥራው ይበዛል። ጥያቄው ሥራውን አንዴ ኮድ ጻፊው ይሥራው ወይስ 14 ሰው በየቀኑ ይሸከመው የሚል ነው።

ፒክስል · ሰኞ፣ 9፡30

እኔ ግን ማረጋገጫ ሳጥን ይጥፋ የሚለው ሁሉ ቦታ አይሠራም ባይ ነኝ። መልሶ ማግኘት በእውነት የማይቻልበት ነገር አለ። ገንዘብ ከወጣ ወጣ። እዚያ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ግን ጥያቄው ስለ *ምን* እንደሆነ ይንገር። ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ አንድን ሪፖዚተሪ (የኮድ ማኅደር) ስታጠፋ ስሙን በእጅህ እንድትጽፍ ያደርግሃል። እጅ በልምድ የማይጽፈው ነገር ስለሆነ ያነቃሃል።

የሲቲባንክን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ። ኦገስት 2020። ሰዎቹ ለሬቭሎን ኩባንያ አበዳሪዎች ወደ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሊከፍሉ ነበር። ሲስተሙ ላይ ዋናው ብድር ከባንኩ ሳይወጣ እንዲቀር ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት ማድረግ ነበረባቸው። አንዱ ላይ ብቻ አደረጉ፤ ስሙ «ፕሪንሲፓል» (ዋናው ብድር) ስለሚል እሱ ይበቃል ብለው። ሦስት ሰው አይቶ አጸደቀው። ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ወጣ።

ማስጠንቀቂያም ወጥቶላቸው ነበር እኮ! «ገንዘብ ከባንኩ ውጭ ይላካል፤ ይቀጥሉ?» ይላል። አዎ፣ ወለዱ ይላካል፤ ልክ ነው። *ስንት* እንደሚላክ ግን አይልም። ቁጥሩን ብቻ ቢጽፈው ኖሮ ከሦስቱ አንዱ ዓይኑ ይፈጥ ነበር። ወደ 500 ሚሊዮን የሚሆነውን የተቀበሉት አልመልስም አሉ፤ በ2021 ዳኛው ፈረደላቸው፤ ባንኩ በይግባኝ ያሸነፈው በ2022 ነው። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት፣ ለሁለት ምልክት።

ዳታቤዝ_አባ · ሰኞ፣ 9፡41

ሦስት ሰው ካጸደቀው ማንም አላየውም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሌላው ያየዋል ብሎ።

ጀማሪ_ኮደር · ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ተመለስኩ። ሞካሪዋ እንዳለችኝ አደረግኩ። ሦስት ሰው። ሁለቴ አፌ አምልጦኛል፤ ይቅር በይኝ።

የመጀመሪያዋ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ የመጋዘን ሥራ ላይ ከእኔ ዕድሜ በላይ ቆይተዋል። አንድ ትዕዛዝ እንዲያስተካክሉ ጠየቅኳቸው። እርሳሱን ሊነኩ ጣታቸው መጣያው ላይ አረፈ። እስከዚህ እንደጠበቅነው ነው። ሳጥኑ ወጣ። እና *አነበቡት*። ጮክ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ። «ትዕዛዙ ይሰረዝ? እርግጠኛ ነዎት?» ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች አዩ። «እሺ» እና «ሰርዝ» ይላሉ።

«ውይ፣ ልሰርዝ አይደለም» አሉ። «ሰርዝን ከነካሁ ይሰረዛል። ስለዚህ እሺ ልበለው።» እሺ አሉት። ጠፋ። ሁለተኛው ሳጥን መጣ፤ እሱም እሺና ሰርዝ ነው። እሱንም እሺ አሉት።

እኔ «ሰርዝ» ስል ሳጥኑን መዝጋት፣ መተው ማለቴ ነበር። ከእንግሊዝኛው በቀጥታ ነው የተረጎምኩት። ስለ መሰረዝ የሚጠይቅ ሳጥን ላይ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ መሰረዙን የሚሰርዝ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ። አያነቡም ብዬ ነበር የመጣሁት። የሚያነቡት እኮ ናቸው የሚያጠፉት።

ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ኪቦርድ ላይ ፈጣን። እሱ በእውነትም አያነብም። ሳጥን ሲወጣ ኢንተር ይላል። ኢንተር ደግሞ እሺ ላይ ነው የቆመው። ጋሽ ኪቦርድ እንዳሉት ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሦስተኛዋ ናት ያስገረመችኝ። አዲስ ትዕዛዝ አስገባች፣ «መዝግብ» ነካች። ምንም አልሆነም። ሦስት አራት ሰከንድ። እንደገና ነካች። ከዚያ ዝርዝሩ ሲመጣ ሁለት ተመሳሳይ ትዕዛዝ አለ። «ሁሌም እንዲህ ያደርጋል» ብላኝ አንዱን አጠፋች። በጣም ተረጋግታ። አንዳንዴ ማታ ተረኛው ሁለቱን አይቶ እሱም አንዱን ያጠፋል፤ እሷ ያስቀረችውን። ጠዋት ሁለቱም የሉም። «ትዕዛዙ ጠፋብን።»

ስለ ማጥፋት ልጠይቅ መጥቼ ችግሩ ያለው መመዝገቡ ላይ ሆኖ አገኘሁት።

ፈጣን_ጣት · ረቡዕ፣ 1፡28

«ሰርዝ»ን ሰርዝ 😂😂

ሞካሪዋ · ረቡዕ፣ 1፡45

አፍህ ሁለቴ ብቻ ካመለጠህ ጎበዝ ነህ።

እናታችን ጥፋተኛ አይደሉም፤ ቋንቋውን በትክክል ነው ያነበቡት። ቁልፍ ላይ «እሺ» የሚባል ነገር እኔ አልወድም። ለምኑ ነው እሺ? ጥያቄውን ሸፍነህ ቁልፎቹን ብቻ አሳያቸው። ሊገባቸው ይገባል። «ትዕዛዙን አጥፋ» እና «ተወው፣ ይቆይ»። እነዚህ ያለ ጥያቄውም ይገባሉ። እሺና ሰርዝ ግን ብቻቸውን ምንም አይሉም።

ዝምተኛ_አንባቢ · ረቡዕ፣ 2፡10

ዘወትር አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ይሄ ግን አላስቻለኝም። የአማርኛ ስክሪን ስንሠራ «ሰርዝ» እንበል፣ «ሰርዢ» እንበል፣ «ይሰርዙ» እንበል እያልን ሦስት ስብሰባ ጨርሰናል። አንዱ ወንድ ብቻ ነው ወይ የሚጠቀመው ይላል፤ ሌላው ትልቅ ሰው ቢነካውስ ይላል። በመጨረሻ «መሰረዝ» ተባለ። ደረቅ ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይመስላል።

አሮጌ_ኪቦርድ · ረቡዕ፣ 2፡35

ዝምተኛ፣ ደግ ነገር አነሳህ። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ስክሪን ላይ የሚናገሩት ሁለት ናቸው። ርዕሱና ጥያቄው የማሽኑ ድምፅ ነው፤ ለሰው ነው የሚናገረው። እዚያ «ነዎት»፣ «ይፈልጋሉ» በል፤ ማክበር ነው። ቁልፉ ግን የሰውዬው ድምፅ ነው። ሰው ማሽኑን ነው የሚያዘው። እትዬም ቢሆኑ ማሽኑን «አጥፋ»፣ «መዝግብ» ይሉታል። ማሽኑ አይቀየምም፣ ወንድ ሴትም አይልም። ስለዚህ «ሰርዝ» ብትል ማንንም አላቃለልክም።

ሁለቱን ድምፆች ስትቀላቅል ነው ችግሩ። አንዱ ስክሪን ላይ «ይመዝገቡ» የሚል ቁልፍ አይቻለሁ። ማን ነው ማንን የሚያዘው? ተጠቃሚው ማሽኑን አንቱ አለው?

ዝምተኛ_አንባቢ · ረቡዕ፣ 2፡41

ይሄን ከሦስቱ ስብሰባ በፊት ቢነግሩን ምን ነበረበት ጋሼ።

ፒክስል · ረቡዕ፣ 3፡00

ወደ ሦስተኛዋ ሴት ልመለስ። የጊዜው ነገር ከ1968 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በኋላ ያኮብ ኒልሰን የሚባል የሶፍትዌር አጠቃቀም ባለሙያ አስፋፋው። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ መልስ ከመጣ ሰው ራሱ ያደረገው ይመስለዋል። እስከ አንድ ሰከንድ መዘግየቱን ያያል እንጂ ሐሳቡ አይቋረጥም። ወደ 10 ሲጠጋ ትኩረቱ ይሄዳል። አንተ ሦስት አራት ሰከንድ ምንም ሳታሳይ ነው የምታቆያት። ድጋሚ መንካቷ ትክክለኛ ምላሽ ነው፤ ማንም በር አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ደግሞ ያንኳኳል።

እንደነካችው ቁልፉ ይደብዝዝ፣ «እየተመዘገበ ነው…» ይበል፣ ሁለተኛውን መንካት አይቀበል። ሰርቨሩም በራሱ በኩል ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ እንዳይመዘግብ ለእያንዳንዱ ፎርም መለያ ስጠው። ኔትዎርክ ሲቆራረጥ ቁልፉን ማደብዘዝ ብቻ አይበቃም።

ፈጣን_ጣት · ረቡዕ፣ 3፡09

ወይም ወዲያው «ተመዝግቧል» በላት፣ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመዝገብ። ፍጥነቱ ያስደስታል።

አሮጌ_ኪቦርድ · ረቡዕ፣ 3፡30

እዚህ ጋ ቆም በል ልጄ። ሳይመዘገብ «ተመዝግቧል» አይባልም።

ማርች 28፣ 1979። ስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ፣ ፔንሲልቬንያ። አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ለዚያ ቫልቭ አንዲት መብራት ነበረች። መብራቷ ጠፍታለች። ኦፕሬተሮቹ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቷ ግን የምታሳየው ቫልቩን አልነበረም፤ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን *ትዕዛዝ* ነው። «ዝጋ» ተብሏል፣ መብራቷ ጠፋች። ቫልቩ አልሰማም። ከሁለት ሰዓት በላይ ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ሲወጣ ቆየ፤ የሬአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ።

«ተልኳል» እና «ደርሷል» ሁለት ነገር ናቸው። የትኛውን እንደምታውቅ እሱን ብቻ ጻፍ። ለመውደድ («ላይክ») ምልክትማ ፈጥነህ ብታሳይ ግድ የለም፤ ካልሆነ ትመልሰዋለህ። ለትዕዛዝ ግን አይሆንም።

ዳታቤዝ_አባ · ረቡዕ፣ 3፡38

በዚህ እንኳ ተስማማን።

ግን ሦስት ሰው አይቶ ይሄን ሁሉ መደምደም ይቻላል እንዴ? ከ14ቱ ሌሎቹስ?

ሞካሪዋ · ረቡዕ፣ 3፡55

ጋሼ፣ ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 ያወጡት ስሌት አለ። አንድ ሰው በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያሳይሃል ብለው። በዚያ ከሄድክ ሦስት ሰው ወደ 67 በመቶ፣ አምስት ሰው ወደ 85 በመቶ። 31ዱ በእነሱ ፕሮጀክቶች ላይ የወጣ አማካይ ነው፤ እንደ ሕግ አልይዘውም። ግን «ሰርዝ»ን ለማግኘት አንድ እናት በቁ። ያስተካክልና ደግሞ ሦስት ሰው ይይ። አንዴ አሥር ሰው ከሚያይ ሦስት ሦስቴ ቢያይ እመርጣለሁ።

ደግሞ ቀዩ ጽሑፍ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ብዙ ነው፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። ከቀለሙ ጋር ቃል ወይም ምልክት ይኑር። የጽሑፉና የጀርባው ንጽጽርም (የብርሃናቸው ልዩነት) ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን።

ጀማሪ_ኮደር · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00

ሪፖርት ላቅርብ።

መጣያው ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ትዕዛዙ ሲከፈት ከታች በኩል «ይህን ትዕዛዝ አጥፋ» ሆኗል። ሁለቱም ሳጥኖች የሉም። «መልሰው» የሚለው መስመር 10 ሰከንድ ይቆይ ነበር፤ አንዷ ስልክ አንስታ ስትመለስ ጠፍቶባት አየሁ። ስለዚህ «የተሰረዙ» የሚል ገጽ ሠራሁ፤ 30 ቀን ይቆያሉ። የ«መዝግብ» መዘግየት ደግሞ የእኔው ኩዌሪ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። 20 ገጹን መመሪያ ማንም እንዳልከፈተው አይቼ አንስቼዋለሁ። ትንሽ አሞኛል።

ከባክአፕ አንድም ጊዜ አልመለስኩም። «የተሰረዙ» ገጽ ላይ ግን በየቀኑ ይገባሉ፤ እያጠፉ ራሳቸው ይመልሳሉ። አለቃዬ «ስልጠናው ሠራ» አለኝ። ዝም አልኩ።

እትዬ ብቻ ናቸው ቅር ያላቸው። «ድሮ ይጠይቀኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ያደርገዋል» አሉኝ። ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም።

አሮጌ_ኪቦርድ · ዓርብ፣ 4፡22

አብረሃቸው ቁጭ በል። አንድ ትዕዛዝ አጥፍተው ራሳቸው ይመልሱት። ሁለት ሦስቴ።

ዳታቤዝ_አባ · ዓርብ፣ 4፡30

ኢንዴክሱን ሠራኸው?

ጀማሪ_ኮደር · ዓርብ፣ 4፡33

ሠራሁት ጋሼ። ቪውንም ሠርቻለሁ። የወር መጨረሻ ሪፖርቱ ብቻ በድሮው ኩዌሪ ሲሄድ ቀርቶ፣ የተሰረዙት ትዕዛዞች በሙሉ ተደምረው ወጡ። ትናንት ማታ ነው ያስተካከልኩት።

ዳታቤዝ_አባ · ዓርብ፣ 4፡34

አላልኩም?